ምዕራፍ ስድስት፦ የጆሮ ሁለተኛ ሥራ

ይህን ገጽ ሳትገልጡ አንድ ነገር ሞክሩ። መጽሐፉን አንድ ቦታ ያዙትና ራሳችሁን እንደ እምቢተኛ ልጅ ቶሎ ቶሎ ግራና ቀኝ ነቅንቁ። ፊደሉ ይነበባል። አሁን ደግሞ ራሳችሁን አቁማችሁ መጽሐፉን በዚያው ፍጥነት አወዛውዙት። ፊደሉ ተድበስብሶ ጭረት ብቻ ይሆናል። እንቅስቃሴው በሁለቱም ጊዜ ያው ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ግን ራስ ወደ ቀኝ በዞረ ቁጥር ዓይንን በዚያው ልክ ወደ ግራ የሚመልስ አካል ነበረ፤ ትእዛዙም ዓይን ላይ የሚደርሰው በሰከንድ አንድ መቶኛ ገደማ ነው። ያ አካል ጆሮ ነው።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚባለው ሰው የራሱን ወሬ መጨረሻ ላይ እንደሚሰማ ለመናገር ነው። ለሐኪም ግን ተረቱ ሌላ ትርጉም አለው። ጆሮ ከመስማት ሌላ ሥራ እንዳለው ባለቤቱ የሚያውቀው ሥራው ሲቋረጥ ነው፤ ያኔም ቢሆን ጆሮውን አይጠረጥርም። በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ ወይም በሺንሺቾ «ያዞረኛል» ብሎ ወደ ሕክምና የሚሄድ ሰው ምክንያቱን ራሱ ይዞ ነው የሚሄደው፦ ደም ማነስ፣ ግፊት፣ ጨጓራ፣ ምች። አንዳንዴ ልክ ይሆናል። ይህ ምዕራፍ ግን ከእነዚህ አንዱም ስላልሆነው ማዞር ነው፤ መስማት በድንገት ሲጠፋ አብሮ ወይም ተከትሎ ስለሚመጣው። የሚመጣበት ጊዜ ሦስት ነው፦ በዕለቱ፣ በወሩ እና ከዓመታት በኋላ። የትኛው እንደሆነ ለመለየት የመጀመሪያው መሣሪያ የቀን መቁጠሪያ ነው።

አንድ ቆጣሪ፣ ሁለት ተከራይ

በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ተከራዮች አሉ እንበል። አንደኛው ቀኑን ሙሉ ያወራል፣ ይዘፍናል፣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ሁለተኛው ድምፁ አይሰማም፤ ሠርቶ ይገባል፣ ይተኛል። መብራታቸው ግን የሚገባው በአንድ ቆጣሪ፣ ውሃቸውም በአንድ ቧንቧ ነው። ቆጣሪው ሲቃጠል ጎረቤት «ዘፋኙ ጠፋ» ይላል። ዝምተኛውም ጨለማ ውስጥ እንደተቀመጠ ማንም ልብ አይለውም።

የውስጥ ጆሮ እንዲህ ያለ ግቢ ነው። በራስ ቅል ጎን፣ ከሰውነታችን አጥንቶች ሁሉ እጅግ ጠንካራ በሆነው አጥንት ውስጥ ተቆፍሮ የተሠራ ሲሆን መላው ቤት ከአንድ ባቄላ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። በአንደኛው ወገን ሁለት ዙር ተኩል የተጠቀለለ ቀንድ አውጣ መሰል ክፍል አለ፤ በውስጡ 15,000 ያህል ፀጉር መሰል ጫፍ ያላቸው ሕዋሳት ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት ይለውጣሉ። ተናጋሪው ተከራይ ይህ ነው።

በሌላው ወገን ሦስት የተቀለበሱ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። የክፍላችሁን አንድ ማዕዘን ተመልከቱ፤ ሁለቱ ግድግዳዎችና ወለሉ እንደሚገናኙት ሦስቱ ቱቦዎች ተገጣጥመዋል። ራስ ወደየትኛውም አቅጣጫ ቢዞር በአንዱ ቱቦ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደኋላ ይቀራል፤ ሕዋሶቹም መዞሩን ያውቃሉ። ከቱቦዎቹ ሥር ደግሞ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች አሉ። በውስጣቸው በሙጫ መሰል ነገር ላይ የተበተኑ ጥቃቅን ድንጋዮች ይገኛሉ፤ ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ናቸው። ባጃጅ በድንገት ሲነሳ ወደኋላ እንደተገፋችሁ፣ ጎንበስ ስትሉ ወደታች እንዳዘነበላችሁ የሚነግሯችሁ እነዚህ ድንጋዮች ናቸው።

ሁለቱ ወገኖች በአንድ ፈሳሽ ይኖራሉ፤ መልእክታቸውም ወደ አንጎል የሚሄደው በስምንተኛው የራስ ቅል ነርቭ ውስጥ ጎን ለጎን ነው። ደም የሚያገኙት ከአንዲት ቀጭን የደም ቧንቧ ሲሆን እሷ ከተዘጋች የሚተካት ሌላ መንገድ የለም። አንዱን የመታ ቫይረስ፣ የደም መዘጋት ወይም መርዝ ሌላውን ላለመንካቱ ዋስትና የለም።

በዕለቱ

በሾኔ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ የአርባ አምስት ዓመት እናት እናስብ። የምናብ ሰው ናት፤ የሚደርስባት ግን በየቦታው የሚደርስ ነው። ማታ ደህና ተኝታ ጠዋት ስትነሳ ግራ ጆሮዋ የለም። ጭው ይላል፤ ጥጥ የተወተፈበት ይመስላታል። ጎረቤቷ ጤና አዳም ጨምቃ በሞቀ ዘይት ታንጠባጥብላታለች። ረፋድ ላይ ቤቱ መሽከርከር ይጀምራል። ምሰሶውን ታቅፋለች፤ ምሰሶውም አብሮ ይዞራል። ታስመልሳለች። በማግስቱ ልጇ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ያደርሳታል።

«እናቴ፣ ምን ሆኑ?»

«ያዞረኛል፣ ያስመልሰኛል፤ ደሜ አንሶ ይሆናል።»

«ከማዞሩ በፊትስ?»

«እሱማ ጆሮዬን ደፈነኝ። እሱ ይለቀኛል ብዬ ነው።»

የተቀበላት ወጣት ጤና መኮንን ጆሮዋን በመሣሪያ አይቶ ታምቡሩ ንጹሕ፣ ኩክም የሌለበት ሆኖ ያገኘዋል። ቀጥሎ ማንም ሰው ቤቱ ሊሞክረው የሚችለውን ያስደርጋታል። «አፍዎን ገጥመው ‹እምምም› ይበሉ። ድምፁ በየትኛው በኩል ይበረታል?» «በደህናው» ትለዋለች። መልሱ ብዙ ይናገራል። አንድ ጆሯችሁን በጣት ደፍናችሁ «እምም» ብትሉ ድምፁ የሚበረታው በተደፈነው ጆሮ ነው፤ በኩክ የተዘጋ ጆሮም እንዲሁ ነው። ድምፁ ወደ ደህናው ጆሮ ከሸሸ ግን የታመመው መግቢያው አይደለም፤ የውስጡ ቤት ወይም ነርቩ ነው።

ጤና መኮንኑ ሳያይ «ኩክ ነው» ብሎ በቀዝቃዛ ውሃ አጥቧት ቢሆን ማዞሩ ይብስባት ነበር። ይህን ምሥጢር የፈታው በቪየና ይሠራ የነበረው ሮበርት ባራኒ ነው። ጆሯቸውን የሚያጥብላቸው ታማሚዎች ውሃው ሲቀዘቅዝ ያዞረናል፣ ሲሞቅም ያዞረናል ብለው አማረሩት፤ ዓይናቸው ግን በሁለቱ ጊዜ ወደተለያየ አቅጣጫ ይርገበገብ ነበር። ውሃው በቱቦዎቹ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ እያሞቀና እያቀዘቀዘ እንደሚያንቀሳቅሰው ገባው። ለዚህ ሥራው የ1914 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው እሱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተማርኮ በሩሲያ የምርኮኞች ካምፕ ውስጥ ነበር። ዛሬም የእያንዳንዱ ጆሮ የሚዛን ክፍል መሥራት አለመሥራቱ ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው የሙቅና የቀዝቃዛ ውሃ ምርመራ ነው።

ሐኪሞች ድንገተኛ የመስማት መጥፋት የሚሉት በሦስት ቀን፣ ማለትም በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢያንስ በሦስት ተከታታይ የድምፅ እርከኖች 30 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ሲጠፋ ነው። ሠላሳ ዴሲቤል በሹክሹክታ የሚወራውን ሁሉ ለማጣት ይበቃል። በአሜሪካ በዓመት ከ100,000 ሰው ከ5 እስከ 27 የሚሆነው ይህ ይደርስበታል ተብሎ ይገመታል። ከአስሩ በዘጠኙ ምክንያቱ አይገኝም። ከ30 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት ያዞራቸዋል፤ ማዞሩም ቤቱ በሙሉ እንደተመታ ስለሚያመለክት የመስማት የማገገም ዕድላቸው ካልዞራቸው ሰዎች ያነሰ ነው።

ሰዓቱ የሚቆጥረው እዚህ ላይ ነው። ከተጠቂዎቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ፣ በአንዳንድ ጥናት ከዚያም በላይ፣ ያለ ሕክምና በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ያገግማሉ። ለቀሩት የተለመደው መድኃኒት ስቴሮይድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፕሬድኒሶሎን በሰውነት ክብደት ልክ፣ ለአዋቂ በቀን እስከ 60 ሚሊ ግራም፣ ለአሥር ወይም ለአሥራ አራት ቀን። ጥናቶቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ባይናገሩም ሐኪሞች በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ የሚረዳ ከሆነ የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሲጀመር ነው። ከዚያ በኋላ በታምቡሩ በኩል በመርፌ የሚሰጥ ስቴሮይድ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ሊሞከር ይችላል። ስኳር ሕመም፣ የቲቢ ጥርጣሬ ወይም የጨጓራ ቁስል ያለበት ሰው ያለ ሐኪም ቢወስደው ግን ከጆሮው የባሰ ነገር ሊያጣ ይችላልና ከመድኃኒት ቤት በራስ የሚገዛ አይደለም።

ሁለት ሳምንት ረጅም ይመስላል። ጆሮ ግን ስለማያም ሰው አይቸኩልም። የገበያ ቀን እስኪያልፍ፣ እህል እስኪሰበሰብ፣ መስቀል እስኪወጣ ይባላል። መጀመሪያ ጤና አዳም፣ ቀጥሎ የጆሮ ጠብታ፣ ከዚያ ጸበል፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ። ከዚያ በሆሳዕና የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም በሪፈር 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የአዲስ አበባ የአንገት በላይ ስፔሻሊስት። ከእነዚህ እርከኖች እያንዳንዱ ሦስት ቀን ቢወስድ መስኮቱ መንገድ ላይ ይዘጋል። እንግዲህ ደንቡ አንድ ነው፦ በድንገት የተደፈነ ጆሮ፣ ኩክ እንደሆነ በዓይን ካልታየ በስተቀር፣ እንደ ስብራት የዚያኑ ዕለት ይታያል።

ሌላም አስቸኳይ ነገር አለ። የጆሮዋ ቀጭን የደም ቧንቧ የምትነሳው ለአንጎል ሥር ደም ከሚያደርስ ትልቅ ቧንቧ ነው። ስለዚህ መስማት በድንገት ጠፍቶ ማዞር ሲከተል አልፎ አልፎ የስትሮክ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ሰውየው ተደግፎም መቆም ካቃተው ወይም ከዚህ በፊት የማያውቀው ከባድ ራስ ምታት ከያዘው የሚሄደው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። በጥቂት ታማሚዎች ላይ ደግሞ ከነርቩ ላይ የበቀለ፣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ይገኛል፤ ኤም አር አይ የሚታዘዘው ስለዚህ ነው። የምርመራው ዋጋ ደቡብ አፍሪካ ያለ ልጅ እስኪልክ የሚጠበቅበት ቤት ጥቂት አይደለም። ይህኛው ግን ሳምንታት ቢዘገይ ብዙ አይጎዳም። የማይዘገየው መድኃኒቱ ነው።

በወሩ

ያቺ እናት ተረፈች እንበል። መስማቷ በከፊል ተመለሰ፣ መሽከርከሩ በአምስተኛው ቀን ቆመ፣ ገበያም ወጣች። ወር ሳይሞላ አንድ ሌሊት ወደ ግራ ስትገላበጥ አልጋው ከሥሯ ተገለበጠ። ዓይኗን ጨፍና ቆየች፤ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ አለፈ። ጠዋት ስትነሳ ደገማት። እንሰት ለመፋቅ ጎንበስ ስትል፣ ከቆጥ ላይ ዕቃ ለማውረድ ቀና ስትል ደገማት። «በሽታው ተመለሰ» አለች።

አልተመለሰም። ቀደም ሲል የተጎዳው ቤት ፍርስራሽ ነው። በከረጢቶቹ ውስጥ ተጣብቀው የነበሩት ጥቃቅን ድንጋዮች ጉዳቱ ሲያላቅቃቸው ወደ አንዱ ቱቦ ይገባሉ፤ ብዙ ጊዜ ወደ ኋለኛው፣ እሱ ዝቅ ያለ ነውና። ከዚያ በኋላ ራስ ቦታውን በለወጠ ቁጥር ድንጋዮቹ ይንከባለላሉ፣ ፈሳሹን ይገፋሉ፣ አንጎልም «ዞረናል» የሚል የሐሰት ወሬ ይደርሰዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ በአቀማመጥ ለውጥ ይጀምራል፣ ከአንድ ደቂቃ በታች ይቆያል፣ ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው አይመጣም። ለዚህ ማዞር ክኒን አይሠራም። የገባውን ድንጋይ በገባበት ማስወጣት ነው።

መንገዱን ያገኘው በአሜሪካ የኦሬጎን ሐኪም ጆን ኤፕሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ለባልደረቦቹ ሲያሳያቸው ብዙዎቹ አላመኑትም፤ ጽሑፉ በሕክምና መጽሔት የታተመለት በ1992 ነው። ለግራ ጆሮ እንዲህ ይደረጋል። ታማሚዋ አልጋ ላይ እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች፤ ስትጋደም ከትከሻዋ ሥር እንዲውል የታጠፈ ጋቢ ከኋላዋ ይደረጋል። ራሷን ወደ ግራ 45 ዲግሪ፣ ማለትም ወደ ግራ ትከሻዋ በግማሽ ታዞራለች። እንደዞረች ቶሎ በጀርባዋ ትጋደማለች፤ ጋቢው ትከሻዋን ከፍ ስለሚያደርገው ራሷ ትንሽ ወደታች ይቀለበሳል። ማዞሩ እዚህ ላይ ይመጣል፤ ዓይኗ ሲርገበገብ ለሚያየው ሰው ይታያል። ሠላሳ ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ትጠብቃለች። ሳትነሳ ራሷን ወደ ቀኝ በሩብ ዙር ታዞራለች፤ ትጠብቃለች። አሁን መላ ሰውነቷን በቀኝ ጎኗ ታዞርና አፍንጫዋ ወደ መሬት ያያል፤ ትጠብቃለች። በመጨረሻ ቀስ ብላ በጎኗ ትነሳለች። ድንጋዩ ቱቦውን ዞሮ ወደመጣበት ከረጢት ወድቋል። ከአምስት ታማሚ አራቱ በአንድ ወይም በጥቂት ሙከራ ይድናሉ። የአንገት ወይም የአከርካሪ ሕመም ያለበት ሰው ግን ያለ ባለሙያ አይሞክረው። ሌላው ሰውም የመጀመሪያውን በባለሙያ እጅ ቢያደርገው ይሻላል፤ የትኛው ጆሮና የትኛው ቱቦ እንደሆነ መለየት አለበትና። ያም ሆኖ የሚጠይቀው አልጋና ጋቢ ብቻ ነው። የትኛውም ጤና ጣቢያ ሁለቱ አሉት።

ከዓመታት በኋላ

ሦስተኛው ሁሉንም ያሳስታል። አንድ መምህር በልጅነቱ ጆሮ ደግፍ ይዞት ዳነ፤ አንድ ጆሮው ግን ከዚያ ወዲህ አይሰማም። ለምዶታል፤ ሰው ሲያነጋግረው በደህናው በኩል ይቆማል። አርባ ዓመት ሲሞላው፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሳለ፣ ክፍሉ መዞር ይጀምራል። ሁለት ሰዓት ይዞራል። ከሳምንታት በኋላ ይደግመዋል። ስኳሩ ይለካል፣ ግፊቱ ይለካል፣ ታይፎይድ ይመረመራል። ከሠላሳ ዓመት በፊት የሞተውን ጆሮ ማንም አይጠይቅም፤ እሱም አያነሳም። የሞተ ነገር ያማል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

እ.ኤ.አ. በ1975 ጆሴፍ ናዶልና ባልደረቦቹ በቦስተን ይህንኑ ጻፉ፦ በድንገት መስማታቸውን ያጡ ሰዎች ዘግይቶ የሚመጣ ማዞር ይይዛቸዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሃሮልድ ሹክኔክት ስም አወጣለት፤ ባጭሩ ዘግይቶ የመጣ የውስጥ ጆሮ የፈሳሽ መብዛት ማለት ነው። መስማት ያቆመው ወገን ሲደቅ ፈሳሹን የሚመጥጠው መንገድም አብሮ ይጎዳል ተብሎ ይታመናል። ፈሳሹ ቀስ እያለ ይጠራቀማል፣ ቤቱ ይነፋል፤ በዚያው ቤት በሕይወት ያለው ዝምተኛ ተከራይ በየጊዜው ይታወካል። ክፍተቱ ከአንድ ዓመት እስከ ብዙ አሥርት ዓመታት ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም የሚታመመው ደህናው ጆሮ ነው፤ ያ ከሆነ ያለችውን አንዲት ጆሮ ማዳን ስለሆነ ጉዳዩ ይከብዳል። ጨው መቀነስ፣ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት፣ ካልሆነም በታምቡሩ በኩል የሚሰጥ መርፌ የሕክምናው መንገዶች ናቸው።

የዚህ እውቀት ሥር መስማት የተሳናቸው ሰዎች ቤት ውስጥ ነው። ፕሮስፔር ሜኒዬር በፓሪስ መስማት የተሳናቸው ተቋም ሐኪም ነበር። በዘመኑ ማዞር የአንጎል ደም መብዛት ይባል ነበርና ታማሚውን ደሙን ያፈስሱት ነበር፤ እኛ ዋግምት እንደምንለው። ሜኒዬር እ.ኤ.አ. በ1861 ለፓሪስ የሕክምና አካዳሚ ምንጩ ጆሮ ነው አለ። ከማስረጃዎቹ አንዷ በክረምት ሌሊት በሠረገላ ጣሪያ ላይ የተጓዘች ወጣት ነበረች። መስማቷ በድንገት ጠፋ፣ ያለማቋረጥ ዞረባት፣ በአምስተኛው ቀን ሞተች። አስከሬኗ ሲመረመር አንጎሏ ደህና ሲሆን ቱቦዎቹ ግን በቀይ ነገር ተሞልተው ተገኙ። እሱ በማግስቱ ዓመት ሞተ፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራው በሽታ መታወቁን አላየም።

ማጅራት ገትር

እስካሁን ያየነው አንድ ጆሮ ሲመታ ነው። ሁለቱም ሲመቱ ታሪኩ ይለወጣል፤ በአገራችንም ለዚህ ዋነኛ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ ስሙ ሥራውን የሚናገር ማጅራት ገትር ነው። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የበሽታው ቀበቶ ውስጥ ነን። እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1989 የተነሱት ወረርሽኞች እያንዳንዳቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አሳምመዋል። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 በተካሄደው ዘመቻ ከ1 እስከ 29 ዓመት ያሉት ለኤ ዓይነቱ ማጅራት ገትር ክትባት ከተሰጣቸው ወዲህ ያ ዓይነቱ ተመናምኗል፤ ሌሎቹ ግን አሉ። ከበሽታው ተርፈው መስማታቸው የሚጎዳው ከአሥር አንድ ይጠጋሉ። ባክቴሪያው ከአንጎል ዙሪያ ወደ ሁለቱም ጆሮዎች ዘልቆ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ቤቱ በአጥንት ሊደፈን ይችላል።

የሚገርመው እንዲህ ያለ ሰው አይዞርበትም። መሽከርከር የሚመጣው አንዱ ጆሮ ሲናገር ሌላው ዝም ሲል ነው፤ ሁለቱም ዝም ካሉ ክርክር የለም። እ.ኤ.አ. በ1882 አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ 519 መስማት የተሳናቸውን ሰዎች አሽከረከረ፤ 186ቱ ጨርሶ አልዞረባቸውም። ከ200 ያህል የሃርቫርድ ተማሪዎች ግን ያልዞረበት አንድ ብቻ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ባሕር ኃይልና የጠፈር ተመራማሪዎች ከጋሎዴት ኮሌጅ 11 መስማት የተሳናቸው ወንዶች መረጡ፤ አሥሩ መስማታቸውን ያጡት በማጅራት ገትር ነው። የተሳፈሩበት መርከብ በሰሜን አትላንቲክ ማዕበል ላይ ሲናጥ ተመራማሪዎቹ እያስመለሱ ሲወድቁ፣ አሥራ አንዱ ካርታ ይጫወቱ ነበር።

ይህ ስጦታ ዋጋው ከባድ ነው። ከእናት ጀርባ ሳይወርድ በማጅራት ገትር የተመታ ሕፃን አንገቱን ለማጽናት ይዘገያል፤ እኩዮቹ በዓመታቸው ሲራመዱ እሱ ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል። ቤተሰቡ «ሰነፍ ነው» ይለዋል። መድኃኒትም ሁለቱን ጆሮ ሊወስድ ይችላል። ጄንታማይሲን ሕይወት አድን መርፌ ነው፤ ቀን ከበዛና ኩላሊት ከደከመ ግን ከመስማት ይልቅ ሚዛንን ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በ1952 በስትሬፕቶማይሲን ሚዛኑን ያጣ አንድ ሐኪም ሕይወቱን ጄ. ሲ. በሚል ፊርማ በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ጻፈ። አልጋው ላይ ሆኖ ለማንበብ ራሱን በአልጋው ብረቶች መካከል ማስደገፍ ነበረበት፤ አለበለዚያ የልቡ ምት ፊደሉን ያዘልለዋል። በዚህ ምዕራፍ መጀመሪያ ራሳችሁን ስትነቀንቁ የተረጋጋላችሁ ፊደል ለእሱ ተቀምጦም አይረጋጋም።

የሚመለስ እግር

የምሥራቹ አንጎል መማሩ ነው። ለመቆም ሦስት መረጃ አለን፦ ጆሮ፣ ዓይን እና የእግር መዳፍ። አንዱ ሲጠፋ ሁለቱ ይሸፍናሉ፤ መሸፈን ግን የሚማሩት በእንቅስቃሴ ነው። በዕለቱ ሰው መነሳት ካልቻለ ይተኛ፤ ማስመለሱን የሚያስታግሰው መድኃኒትም ይረዳዋል። ከሦስት ቀን በላይ ግን እንደ ሲናሪዚን ያለ የማዞር ማስታገሻ እየዋጡ መተኛት አንጎልን ማስተኛት ነው። ብዙ አስታማሚ በፍቅር የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ «አትነሺ፣ ይዞርብሻል» ይላል። ይዙርባት። የሚያስተምራት እሱ ነው፤ እናንተ ከጎኗ ሁኑ እንጂ።

ልምምዱ ቀላል ነው። ወረቀት ላይ አንድ «ሀ» በትልቁ ጻፉና በዓይን ትክክል ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ከእሱ አንድ ክንድ ርቃችሁ ዓይናችሁን ሳታነሱ ራሳችሁን ግራና ቀኝ አዙሩ፣ ፊደሉ ሳይደበዝዝ በምትችሉት ፍጥነት፣ ለአንድ ደቂቃ። ቀጥሎ ላይና ታች። በቀን ሦስት ጊዜ። ከዚያ ሰው አጠገባችሁ አቁማችሁ እግር ገጥሞ መቆም፤ ቀጥሎ ዓይን ጨፍኖ፤ ቀጥሎ በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ። ሳምንታት ይፈጃል፤ ግን ይሠራል።

ወደ ሀምበሪቾ ተራራ የሚያወጡትን 777 ደረጃዎች ሁለቱም ጆሮዎቹ ተጎድተው እንዲህ ያገገመ ሰው በቀን ይወጣቸዋል፣ ይወርዳቸዋልም። ማታ ግን አንዱን ደረጃ አያምንም፤ ከሦስቱ መረጃ ዓይንም ሄዷልና በእግር መዳፉ ብቻ ይቀራል። እንዲህ ያለው ሰው በቢላቴ ወንዝ ሲዋኝም ውሃ ከዋጠው ላዩ ወዴት እንደሆነ ላያውቅ ይችላል፤ ብቻውን አይግባ።

በሆሳዕና መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የምታስተዳድረው መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ትምህርት ቤት አለ። በእንዲህ ያለ ቦታ ጨለማ ከአንድ ልጅ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይወስዳል። የሚያወራው በእጅ ነውና መብራት ሲጠፋ ወሬው ይቋረጣል። ከነዚህ ልጆች የሚዛን ክፍሉ ጭምር በማጅራት ገትር የሄደበት ካለ፣ ወሬው ሲቋረጥ እግሩም ይከዳዋል። የሚሰማው ጓደኛው በጨለማ ያወራል፣ ይሮጣል፤ እሱ ግድግዳ ይዞ ይቆማል። ያየው ሰው ብዙ ጊዜ ፈርቶ ወይም አኩርፎ የቆመ ይመስለዋል።

ስለዚህ መስማት ከተሳነው ሰው ጋር በምሽት ስትሄዱ ባትሪውን እናንተ ያዙ። ለመናገር ስትቆሙ እጃችሁ ላይ አብሩት። ተነጋግራችሁ ስትጨርሱ ሳታጠፉት ዝቅ አድርጉና እሱ የሚረግጠውን መሬት አሳዩት።